ያልተከፈተው የፎቶ ግማሽ

መካነ ሰላም ውስጥ ጋሼ ስማቸውን የማያውቅ ሰው የለም። ማለዳ ደጁ ላይ ሊያያቸው የሚፈልግ ሰው ግን አንድም አይገኝም። ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው በአንድ ሰፈር ካለፉ ሴቶቹ በር ገርበብ አድርገው ይቆማሉ፤ ወዴት እንደሚታጠፉ ያያሉ፤ የነሱን ቤት ሲያልፉ "ተመስገን"፣ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ይመለሳሉ። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ስለዚህ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ቢሆን ፀሐይ በደንብ ሳትወጣ ከቤት አይወጡም። አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን አሟቸው ሌሊቱን ሲሰቃዩ አድረው፣ "ጤና ጣቢያ በማለዳ ብሄድ ሰው ይደነግጥብኛል" ብለው እስከ ሦስት ሰዓት ጉንጫቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል።

ጋሼ የቅሬያችን መርዶ ነጋሪ ናቸው። አዲስ አበባ እድር የሚባለው እኛ ዘንድ ቅሬ ነው፤ የኛው ቅሬ ደግሞ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ያለበት ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል አለ፣ መቃብር የሚቆፍር አለ፣ ንፍሮ የሚቀቅል አለ። ሟቹ ሩቅ አገር የሞተ እንደሆነ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል፤ ላልሰማችው እናት መንገር። ይህን ሥራ ማንም አይሻማም። ጋሼ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ሠርተውታል፤ የሚገርመው ደግሞ ደስተኛ ሰው መሆናቸው ነው። ቀልድ ይወዳሉ፣ ደህና ይበላሉ፣ ደህና ይተኛሉ። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን በሁለተኛው ሳምንት አብጄ ነበር።

እኔ አድማሴ እባላለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉኝ፤ ሰባቱ ይነሣሉ፣ ከሰባቱ አራቱ ይሠራሉ። ከደሴ ተመድቤ ከመጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የቅሬው ጸሐፊም ነኝ። ቅሬያችን የቴሌግራም ግሩፕ አለው፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። በዚያ ግሩፕ ላይ ዛሬ የሞት ወሬ የሚለጠፈው ጋሼ ስማቸው "አሁን ለጥፍ" ሲሉኝ ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን ቴሌግራም የላቸውም። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ መጻፍ ግማሹ እሳቸውን ማመስገን ነው፤ ግማሹ የራሴን ጥፋት መናዘዝ ነው።

ጋሼ ወጣት ሳሉ ከተማው በሙሉ የነበረው ስልክ አንድ ነበር። ስልክ ቤቱ ውስጥ ብርሀንነሽ የምትባል ኦፕሬተር ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ትውላለች። ከሩቅ ሰው ሲፈለግ በቁራጭ ወረቀት ትጽፋለች፤ "ወይዘሮ እገሊት ከደሴ ስለሚፈለጉ ነገ በአራት ሰዓት ስልክ ቤት ይቅረቡ።" ያችን ወረቀት ይዘው የሚሮጡት ተላላኪ ጋሼ ነበሩ። ከተማውን አቋርጠው፣ አንዳንዴም ወንዝ ተሻግረው ገጠር ድረስ ይሄዳሉ። ያኔ በስልክ መፈለግ ክብር ነበር፤ ወረቀቷ የደረሰችው ሰው ለጎረቤት አሳይቶ አይጠግብም፣ በማግስቱ የክት ልብሱን ለብሶ ይመጣል። ጋሼም ባለፉበት ሁሉ ቆሎ ይዘገንላቸዋል። "ውሻ እንኳ አይጮኽብኝም ነበር" ይላሉ።

አንድ ቀን ወረቀቷን ለሥርጉት አደረሱ። ሥርጉት ያኔ ወጣት ሴት ናት፤ ባሏ መንገድ ሥራ ተቀጥሮ ሩቅ አገር ነበር። በማግስቱ ጥለቱ ቀይ የሆነ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ መጣች። ተራዋ ሲደርስ መስኮት ካላት ጠባብ የመነጋገሪያ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። የደወለው የባሏ የሥራ ጓደኛ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ እንዴት እንደሚናገር ጨንቆት ያለውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ጋሼ በመስኮቱ በኩል የስልኩ እጀታ በገመዱ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ አዩ። ሮጠው ሊከፍቱ ቢሉ በሩ እምቢ አለ፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው፣ እሷ ደግሞ የወደቀችው በሩ ላይ ነው። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። ራሷ እስክትነሣ ድረስ ማንም ሊደርስላት አልቻለም።

ጋሼና ብርሀንነሽ ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም ሳያስፈቅዱ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። የሞት ወሬ በሽቦ ለባለቤቱ አይሰጥም። ደዋዩ ሞት ይዞ እንደሆነ ብርሀንነሽ ከድምፁ ታውቃለች፤ "አንተ ራስህ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?" ትለዋለች። አይቼ ነው ካለ መልእክቱን ትቀበለዋለች፤ ሰምቼ ነው ካለ ያየውን ፈልገህ አምጣ ትለዋለች። ጋሼ ደግሞ የጥሪ ወረቀቱን ትተው ወደ ሽማግሌዎች ይሄዳሉ። ማታ አይነገርም፣ ሰው ለቅሶውን ይዞ ጨለማ ውስጥ እንዳይቀር። እናትየዋ ራቷን መብላቷ በጎረቤት በኩል ይጣራል። ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ቀኑን ሙሉ ሰው አብሯት እንዲውል። ሟቹ ክርስቲያን ከሆነ የሚናገሩት ጋሼ ናቸው፤ እስላም ከሆነ አብሮ አደጋቸው ሼህ ሙሐመድአሚን ይናገራሉ፤ ሁለቱ ግን ሁልጊዜ የሚገቡት አብረው ነው። ከነሱ ቀድማ የምትገባው ማን መሰለቻችሁ? ያቺው ሥርጉት። ዛሬ ሰባውን ያለፉ እማማ ሆነዋል። ገብተው በሴትዮዋና በግድግዳው መካከል ይቀመጣሉ፣ ስትወድቅ እሳቸው ላይ እንድትወድቅ።

ስልክ ቤቱ ተዘጋ፤ ብርሀንነሽ ጡረታ ወጥታ ደሴ ገባች፤ ሰው ሁሉ ስልክ ቤቱን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ጋሼ ሥራ የሚቀንስላቸው መስሏቸው ነበር፤ ብሶባቸው አረፈው። ድሮ ሞት በብርሀንነሽ በኩል ነበር የሚያልፈው፤ አሁን ግን በየኪሱ ይገባል። እሳቸውም መላ አበጁ። አንድ የአሮጌ ተማሪ ደብተር አላቸው። ከሰፈራችን ልጅ ለሥራ ርቆ ሲሄድ መርቀው ይሸኙትና፣ "ከጎንህ የሚያድረውን ሰው ቁጥር ላክልኝ" ይሉታል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ የራሴን ቁጥር አይያዙም ወይ ይላሉ። "ያንተማ የሚሠራው አንተ ደህና ስትሆን ነው" ይላሉ ጋሼ። የሚደውሉበት ቀፎ በላስቲክ የታሰረ ባለቁልፍ ስልክ ነው፤ ፎቶ አያሳይም፣ ድምፁ ግን ከጓሮ ይሰማል።

እኔ ታዲያ ይኼ ሁሉ ያናድደኝ ነበር። ቅሬው ሲሰበሰብ፣ ዘመኑ የት ደርሷል፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራ ይዞ እስኪዞር መጠበቅ ምንድን ነው፣ በአንድ ደቂቃ ለሁሉም ማድረስ ስንችል ብዬ ተናገርኩ። ከመቶ ሠላሳ አባወራ ሰማንያው ያህል ግሩፑ ውስጥ ገባ። ቀሪው ወይ ስልኩ አይችልም፣ ወይ እሱ አይችልም። ስለነሱ ስጠየቅ "የሰማ ላልሰማ ያሰማ" ብዬ አለፍኩ፤ ሰዉም ሳቀልኝ። ጋሼ አልተከራከሩም። መዋጮና ስብሰባውን በዚያ ንገሩ፣ ሞትን ግን ለኔ ተዉልኝ አሉ። እኔም በሆዴ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አልኩ።

ያለፈው ኅዳር ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከክፍል ወጥቼ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያች ድንጋይ ላይ ነው። ፌስቡክ ስከፍት አንድ የሾፌሮች ገጽ ላይ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፤ ደጉ ወንድማችን" የሚል ጽሑፍ መጣ። የቀረውን ለማንበብ ብነካው ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይከፈትም። ከሥሩ ያለው ፎቶ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይገለጥ ጀመር። ሰማይ መጣ፤ የከባድ መኪና ጣሪያ መጣ፤ ከዚያ የሰው ፊት መጣ። ረመዳን ነው። እስከ ደረቱ ድረስ ወረደና ቆመ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

ረመዳን የጎረቤቴ የእትዬ ሀያት ልጅ ነው፤ ተማሪዬ ነበር፣ አሁን የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነው። እትዬ ሀያት ባሏ ከሞተ ወዲህ በርበሬና ቅመም እየሸጠች ያሳደገችው አንድ ወንድ ልጇ ነው። ወዲያው ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይምጣ ብዬ፣ ኔትወርኩ ሳይጠፋብኝ የመጣውን ያህል ስክሪንሹት አነሣሁና ከሻማ ምልክት ጋር ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ። ግማሽ የወረደ ፋይል ማለት ያልወረደ ፋይል ማለት እንደሆነ ለዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ አስተምራለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለኔ ዓይነቱ ነው።

ከለጠፍኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እትዬ ሀያት እንዲህ ያለ ስልክ የላትም፤ ሴት ልጇ ፊርደውስ ግን አላት። ለሚስቴ ለሐረግ ደወልኩ። ሐረግ እኔን ለመስደብ ጊዜ አላጠፋችም፤ ሮጣ ሄዳ፣ ስልኬ ተበላሽቶብኛል፣ እህቴ ጋ ልደውልበት ብላ የፊርደውስን ስልክ ተዋሰችና ይዛው ጠፋች። ልጅቷ ማታ ድረስ ስልኬን እያለች በየቤቱ ስትፈልጋት ሐረግ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ጓሮ ስትሸሽ አመሸች።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ድራማ ሠሪ ሆነ። እትዬ ሀያት ራቷን መብላት አለባት። አንዷ ሽሮ ይዛ ሄደች፣ አንዷ ቅንጬ፣ አንዷ "ልጄ ተመርቆ ነው" ብላ የዶሮ ወጥ፤ የሴትዮዋ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቅሬያችን ዳኛ፣ ማለት ሰብሳቢው፣ ነጋዴው አወቀ ድንኳኑን ከመጋዘን አውጥቶ ከሱቁ ጀርባ ሸሸገ። ጋሼ ለእርቅ ገጠር ሄደው ውለው አመሻሽ ላይ ሲመለሱ አወቀ መንገድ ላይ ጠብቆ ነገራቸው። ጋሼ ተረጋግጧል ወይ ብለው ጠየቁት። "አርባ ሰው ነግሮኛል፣ እንዴት አይረጋገጥም?" አላቸው። አርባውም የሰሙት ከአንድ ከኔ መሆኑን ማንም ልብ አላለም።

በማግስቱ ሱብሒ እንደተሰገደ ከአወቀ ሱቅ በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ውርጭ ነው፤ ሃምሳ የምንሆን ሰዎች አፋችንን በጋቢና በሻርፕ ሸፍነን ቆመናል። ከዚያ እስከ እትዬ ሀያት በር ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። እማማ ሥርጉት ከፊት ቆመው መቀነታቸውን አጥብቀዋል። ጋሼ ከዘራቸውን ይዘው መጡና እንደ ልማዳቸው ማን እንዳየ ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ አወቀ ዞረ፣ አወቀ ወደ ሐረግ፣ ሐረግ ወደ እኔ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። ሁላችንም ያንን ፎቶ አይተነዋል፤ ያየነው ግን የረመዳንን ፊት ብቻ ነበር። ጋሼ ፊቱን አልፈው ወደ ታች ወረዱ፤ ግራጫው ከሚጀምርበት ላይ በጣታቸው ጠቆሙ።

"አድማሴ፣ ይህ ልጅ ጎንበስ ብሎ እጁን ያሳረፈው ምን ላይ ነው?"

አየሁ። ሁለቱም የረመዳን ክንዶች ወደ ታች ወርደው ግራጫው ውስጥ ገብተዋል። በመካከላቸው፣ ግራጫው አፋፍ ላይ፣ ጥፍር የምታህል ነጭ ነገር አለች። ጋሼ እሷስ ምንድን ናት አሉኝ። ሼህ ሙሐመድአሚን ጎንበስ ብለው አዩና የቆብ ጫፍ እንደምትመስል ተናገሩ። ማለት ከሥሩ የተቀመጠ ሌላ ሰው አለ። የተከፈተልኝ የቆመው ሰው ነው፤ የተቀመጠው አልተከፈተም።

ታዲያ ይህም ቢሆን የሚያሳየው ሁለት ሰው መኖሩን እንጂ የሞተው ማን መሆኑን አይደለም። የረመዳን ስልክ አሁንም ዝግ ነው። አወቀ ተቆጣ። ሰማዩ እየቀላ ነው፣ ሴትዮዋ አሁን በር ከፍታ ትወጣለች፣ ገበያ ላይ ካንዱ ባለጌ አፍ ከምትሰማው እኛ ብንነግራት አይሻልም ወይ አለ። እውነቱን ነው፤ ፈርቶ ነው እንጂ ጨክኖ አልነበረም። ብንዘገይ መንገድ ላይ ትሰማለች። ብንቸኩል ደግሞ በሕይወት ያለ ልጇን ልንገድልባት ነው። ጋሼ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

"ያየ ሰው ድምፅ ሳልሰማ ያችን በር አላንኳኳም" አሉ።

ከዚያ ደብተሩን ከብብታቸው አወጡ። ጣታቸውን በምራቃቸው እያራሱ ገለጡ፤ ሃምሳ ሰው ቆሞ የአንድ ሽማግሌ ጣት ገጽ ሲገልጥ ያያል። ረመዳን ከሚለው ስም ትይዩ የሌላ ሰው ስምና ቁጥር ተጽፏል፤ እንድሪስ፣ የኩታበር ልጅ፣ የመኪናው ረዳት። ባለቁልፏን ስልክ ከላስቲኳ ፈትተው ደወሉ። ማለዳ ስለሆነ መስመሩ ወዲያው ገባ። ጠራ፤ ረጅም ጊዜ ጠራ። ከዚያ ተነሣ።

ጋሼ ማን እንዳነሣው ጠየቁ። የስልኩ ድምፅ ከጓሮ የሚሰማ ነው ብያለሁ፤ ከወዲያ ያለውን ሰው ሁላችንም ሰማነው።

"እንድሪስ የለም። ረመዳን ነኝ፣ ጋሼ።"

ጋሼ ስማቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። በዚህ ሁሉ ዓመት መርዶ ሲናገሩ ተቀምጠው አያውቁም፤ ቆመው ነው የሚናገሩት። ሼህ ሙሐመድአሚን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው "አልሐምዱሊላህ" አሉ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ማንም አላባበለኝም፣ ደግ አደረጉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እንድሪስ መንገድ ላይ ስለታመመ ሎግያ ከተማ ገቡ፤ ሁለት ቀን ተኝቶ ሐሙስ ጠዋት አረፈ፤ ቀትር ላይ እዚያው ተቀበረ። ረመዳን ሲያስታምም የራሱ ስልክ ባትሪው አልቆ ቻርጅ የሚያደርግበት ፋታ አላገኘም። የእንድሪስን ስልክ ግን ዘመዶቹ ይደውላሉ ብሎ ከእጁ አልለየውም። ፎቶውን የለጠፈው ሌላ ሾፌር ነው፤ ረመዳን ቆሞ፣ እንድሪስ ነጭ ቆቡን አድርጎ ጎማ ላይ ተቀምጦ የተነሡት ነው። ረመዳን እኛ የደወልነው በእንድሪስ ሞት ልናስተዛዝነው መስሎት፣ ከመቼው ሰማችሁ እያለ ያለቅሳል።

ጋሼ አስለቅሰው ሲያበቁ የሟቹ እናት ሰምታ እንደሆነ ጠየቁት። አልሰማችም አለ፤ ኩታበር ገጠር ውስጥ ናት፤ ወንድሙ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌ ጋር ሄደው ሊነግሯት ነው። እሷ ስልክ የላትም፣ ጎረቤቶቿ ግን አላቸው። ጋሼ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ያ ፎቶ አሁኑኑ እንዲነሣ፣ የለጠፈውን ልጅ ካለበት ቀስቅሶ እንዲያስነሣው ነገሩት። እኔ ሳልታዘዝ የግሩፑን አጠፋሁ። በማለዳው ኔትወርክ ገጹን ስከፍት ፎቶው ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ወጣ፤ ሳቂታ ወጣት ነው፣ የረመዳን ሁለት እጆች ትከሻው ላይ ናቸው። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ብከፍት ተነሥቷል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእትዬ ሀያት በር ተከፈተ። የውሃ ጆግ ይዛ ወጣች፤ ቀና ስትል ሃምሳ ሰው፣ እማማ ሥርጉት መቀነታቸውን ታጥቀው፣ ከኋላ ደግሞ የድንኳን ምሰሶ የተሸከሙ ሁለት ጎረምሶች። ጆጉ ከእጇ ወደቀ። ሼህ ሙሐመድአሚን በሕይወታቸው እንዲያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ "አብሽሪ ሀያት፣ ልጅሽ ደህና ነው፣ ይኸው" እያሉ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። ከልጇ ድምፅ በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር፣ "ማታ ራትህን በልተሃል?" የሚል ነበር። እሱ አልበላሁም አላት መሰለኝ፣ ገና እያለቀሰች ትቆጣው ጀመር።

ስልኩን ስትመልስ ድንኳኑ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ሰው ሁሉ እኔን አየኝ፤ እኔም ጥፋቴን ሁሉ ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች፤ እንባዋ ሳይደርቅ በሩን ተደግፋ ሳቀች። "ማታ አምስት ሰው ወጥ ይዞ ሲመጣልኝ፣ ሳላውቀው የሞትኩት እኔ ነኝ እንዴ ብዬ ነበር" አለች። ሐረግ የፊርደውስን ስልክ ከሻርፗ ሥር አውጥታ በሁለት እጇ ለልጅቷ ሰጠቻት። ሰዉ ውርጩንም ረሳው፤ ያን ያህል ሰው ያን ያህል ሲስቅ በዚያ ሰዓት ሰፈራችን ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም።

የእንድሪስን ነገር የነገሯት ሳቁ ሲበርድ ነው። ታውቀው ነበር፤ ባለፈው አረፋ ከረመዳን ጋር መጥቶ ቤቷ ሁለት ቀን ሰንብቷል፣ ነጩን ቆቡን አጥባ ያሰጣችለት እሷ ናት። በሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ድንኳኑ ወደ ሱቁ ጀርባ ተመለሰ፤ ሰዉ ግን አልተመለሰም። ሼህ ሙሐመድአሚን እጃቸውን ዘርግተው ለማናውቀው ልጅ ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። ከዚያ እትዬ ሀያት ቀና ብላ ጋሼ ስማቸውን አየቻቸው።

"እናቱስ?"

"ገና አልሰማችም" አሉ ጋሼ። "ነገ ጠዋት ነው የሚነግሯት።"

"ስልክ አላት?"

"የላትም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች እትዬ ሀያት። "ዛሬን እንኳ 'ልጄ ራቱን በልቶ ይሆን?' እያለች ትደር።"